ወደ መርካቶ የሚሄድ ቆርቆሮ

ጥቅምት 3 ቀን 1957 ዓ.ም.
መርካቶ

ዘኪያን አገባሁ።

ሰላምታውን ወደ ኋላ ያደረግሁት ንቄሽ አይደለም፣ እታለም ሀጅራ። ሰላምታ ስደረድር ዋናውን ነገር ሳልናገር ወረቀቱ እንዳያልቅብኝ ፈርቼ ነው። አሁን ልመለስበት፤ አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አንቺ እንዴት ነሽ? ባልሽ ጁነዲንስ እንዴት ነው? ያ ጉልበቱ ተሻለው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

«ማን ናት ደግሞ?» ትያለሽ። ከእኔ ጎን ማንደጃ የሚሠራውን ዘይኑዲንን ታውቂዋለሽ፤ የእሱ እህት ናት። ጨዋ ናት፤ ምላሷ ብቻ ትንሽ ይሾላል። ድግስ አላደረግንም። ጎረቤት ጠርተን ዱዓ ተደርጎ አለቀ። ቀድሜ ያልነገርኩሽ ስለዚህ ነው፤ ይቅር በይኝ።

አሁን ለምን እንደምጽፍ ልንገርሽ። ባለቤቴ ዙህራ በሞተች ጊዜ «ሴት የሌለበት ቤት ለጨቅላ አይሆንም» ብለሽ ልጄን ሱሀይርን ይዘሽልኝ ሄድሽ። ልክ ነበርሽ። እኔ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ስቀጠቅጥ የምውል ሰው ምን አደርጋት ነበር? አሁን ግን ቤቱ ሴት አለበት። ልጄ ወደ ቤቷ ትምጣ።

ራሴ መጥቼ ልወስዳት አስቤ ነበር። የከለከለችኝ ዘኪያ ናት። «ያሳደገችልህ እህትህ ደጅ ቆመህ ልጄን ስጪኝ ልትል? አጉድለሽባታል ማለት እኮ ነው» አለችኝ። ደግሞ ቦታዬን ለቅቄ ከሄድኩ ስመለስ ሌላ ሰው ተቀምጦበት ነው የማገኘው፤ የዚህን ተራ ነገር ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ጁነዲን ቡና ይዞ ሲመጣ አብራው ትምጣ።

አንድ ነገር ልጨምር። አባታችን ከላምባ ጣሳ የሠራልኝ አረንጓዴ መጫወቻ ካሚዮን አንቺ ጋ ነው፤ ስትዳሪ ከዕቃሽ ጋር ጅማ ሄዷል። እሱን ስጫት። «አያትሽ ለአባትሽ የሠራለት ነው» ብለሽ ስጫት። የማታውቀው ቤት ከመግባቷ በፊት ከቤቱ አንድ ነገር በእጇ ቢኖር ይሻላል ብዬ ነው። የወለቀውን ጎማ እዚህ ስትመጣ እገጥምላታለሁ።

ወንድምሽ ኢስሐቅ


ኅዳር 12 ቀን 1957 ዓ.ም.
ጅማ

ለወንድሜ ለኢስሐቅ። አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ። ጁነዲን ደህና ነው። ላሚቱ ወልዳለች። ክረምቱ አልወጣ ብሎን የኩሽናውን ጣሪያ አፈራርሶት ነበር፤ አሁን ተሠርቷል።

ለጋብቻህ አላህ ያሳምረው። ነገር ግን ቀድሜ ብሰማው ምን ነበረበት? እናትም አባትም የለን፤ አንድ ሙክት የምትልክ እህት ጅማ እንዳለችህ ረሳህ? ዘኪያን ሰላም በልልኝ። ምላሷ ከሾለ ካንተ ጋር ይስማማታል፤ አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ካልተነገረህ አታደርግም።

(እኔ ጁነዲን የምጽፈው ያለችኝን ነው። በራሴ በኩል ደስ ብሎኛል። ጉልበቴም ተሽሎኛል።)

ስለ መጫወቻው ለጠየቅኸው፣ አለ። ሳንዱቅ ውስጥ ነው። ካሚዮን ግን አይደለም፤ አውቶቡስ ነው። ያንተም አይደለም፤ የእኔ ነው። አባታችን በጎኑ መስኮት ቀዶለት ነበር። በየመስኮቱ ከጨርቅ የሠራኋቸውን ሴቶች አስቀምጥ ነበር። አንደኛዋን በጎረቤታችን በእትዬ አመተ ሥላሴ ስም ጠርቻት ነበር። እሷ ወንበር አልበቃኝም እያለች ከሰው ጋር ስትጣላ መንገድ ላይ አስወርዳታለሁ። ይህን ረሳኸው? ያኔ የጣልያን ካሚዮን በየመንገዱ ስለሚያልፍ ተምታቶብህ ይሆናል።

ሱሀይር ደህና ናት። ትምህርት ቤት ገብታለች። የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ከክፍሏ ልጆች ቀድማ ማንበብ ችላለች፤ ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ ታነባለች፤ የስኳር መጠቅለያ እንኳ አይቀራትም።

ሌላውን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ጁነዲን እጄ ደከመ እያለ ነው።

እህትህ ሀጅራ


ታኅሣሥ 6 ቀን 1957 ዓ.ም.
መርካቶ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ እታለም። ለአንቺም ለጁነዲንም ሰላምታዬ ይድረስ፤ ላሚቱ በደህና በመውለዷ ደስ ብሎኛል።

ልጄ ትመጣለች ወይስ አትመጣም? ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የላሚቱ ነገር አለ፤ የጣሪያው አለ፤ ይህ ግን የለም። ዘኪያ «ወረቀቱን ገልብጠው፣ ከኋላ ጽፋው ይሆናል» አለችኝ። ገለበጥኩት። ባዶ ነው። ጁነዲን መጻፍ ረስቶት ይሆን?

መጫወቻው ካሚዮን ነው። ከራጉኤል በታች ካለው ሜዳ አሸዋ እየጫንኩበት እዚህ ደጃችን ድረስ በገመድ ስጎትተው ትዝ ይለኛል። አሸዋ በአውቶቡስ ይጫናል? መስኮት ያልሽው የበር ቀዳዳ ነው። ነገሩን ለዘይኑዲን ነገርኩት። እሱም «ከላምባ ጣሳ አውቶቡስ ይወጣል፣ ጣሳው ግን ሁለት መሆን አለበት» አለ። ከዚያ ወዲህ እኔም መጠራጠር ጀምሬያለሁ። ምናልባት ሁለት መጫወቻ ነበር? ዘኪያ ትስቃለች። «ስለ አንድ ቆርቆሮ እንዲህ የሚጻጻፉ እህትና ወንድም ሌላ ቦታ የሉም» ትላለች።

የሆነው ይሁን። ዋናው ጉዳይ ልጄ ናት። ከወሰድሻት ወዲህ ልጠይቃችሁ መጥቼ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየኋት፤ ያኔም ቀሚስሽ ስር ተደብቃ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። አባቷን በመልክ አታውቀውም። ከሮመዳን በፊት ትምጣ። ጁነዲን የማይመቸው ከሆነ ፋንታዬ የጭነት መኪናውን ይዞ በየጊዜው ይመላለሳል፤ የታመነ ሰው ነው፤ ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ያመጣታል።

መጫወቻውን ቀድመሽ ላኪልኝ፤ ለፋንታዬም በቃል ነግሬዋለሁ። ጁነዲን ለሥራዬ ባዶ ጣሳ ሲልክልኝ አብሮ ይጫን። ጎማ ገጥሜለት፣ ቀለም ቀብቼው፣ ስትመጣ ቤት ይጠብቃታል።

ኢስሐቅ


ጥር 9 ቀን 1957 ዓ.ም.
ጅማ

ለወንድሜ ለኢስሐቅ። ይህን የምጽፈው እኔ ሱሀይር ነኝ። እማዬ የምትለኝን ነው የምጽፈው።

ጤና ይስጥህ ብላለች። እኛ ደህና ነን። አባባ ቡና ሊገዛ ገጠር ስለሄደ የሚጽፍላት የለም። የሚመለስበት ቀን አይታወቅም። ጾሙ ደህና ነው። እኔ ግማሽ ቀን እጾማለሁ። እማዬ ይህንን አትጻፊ ብላኛለች፣ ግን ጽፌዋለሁ።

ስለ ጠየቅኸው ጉዳይ አባባ ሲመለስ ይጻፍልሃል ብላለች። ምን እንደጠየቅህ አልነገረችኝም። ያንተን ደብዳቤ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ሰላምታውን ጨርሼ ቀጥሎ ያለውን ስጀምር ወረቀቱን ወሰደችብኝ። ዓይኔን እንዳያመኝ ነው አለች። ዓይኔን ግን አያመኝም።

መጫወቻው ተልኳል፣ ላኩ እንዳልክ ፋንታዬ በቃል ነግሯታል። ፋንታዬ ከጣሳዎቹ ጋር ጭኖታል። ለዘኪያ ሰላም በል። እህትህ ሀጅራ።

ከዚህ በታች ያለው የራሴ ነው። እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ስለሆነ አታየኝም።

አጎቴ ኢስሐቅ፣ መጫወቻው በደህና ደረሰ? በደንብ አድርጌ የጨፈለቅሁት እኔ ነኝ። አባባ ወደ መርካቶ የሚሄድ ቆርቆሮ ሁሉ ተጨፍልቆ ነው የሚሄደው፣ አለበለዚያ ቦታ ይይዛል ይላል። ሠራተኞቹ በእግራቸው ነው የሚረግጡት። እኔም መጀመሪያ በእግሬ ረገጥኩት፣ ከዚያ በድንጋይ መታሁት። ጠፍጣፋ ሆኗል። ጎኖቹ እንዳይቆርጡህ ተጠንቀቅ። ስትጨርስ መልሰህ ላክልኝ።

የእህትህ ልጅ ሱሀይር


የካቲት 2 ቀን 1957 ዓ.ም.
መርካቶ

ለእህቴ ለሀጅራ፣ ለምታነብላትም ለሱሀይር።

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህን ደብዳቤ ለማን እንደምጽፍ ሳላውቅ ነው የጀመርኩት። ጽፌ የደለዝኩት ካለ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ሱሀይር፣ የጻፍሽው ደርሶኛል። ጽሕፈትሽ ያምራል። ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ አንድም የፊደል ስህተት አላገኘሁበትም።

መጫወቻውም ደርሷል። ከረጢቱን ስንፈታ ዘይኑዲን ከሌላው ቆርቆሮ ጋር አንስቶ መቀሱን ሊያሳርፍበት ነበር። የኩራዝ ክዳን ሊያወጣበት ነው። አረንጓዴውን ቀለም አይቼ ጮህኩበት። «ምን ሆንክ? ቆርቆሮ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ቆርቆሮ ነዋ። ከዚያ ያንቺን ደብዳቤ አነበብኩለት። ዘይኑዲን «ይቺ ልጅ የኛ ተራ ሰው ናት፣ አጨፋለቋ ከአዋቂ ይበልጣል» ብሎሻል። እንዲህ ሲልሽ ደስ ይበልሽ። ያጠፋሽው ነገር የለም። ወደ እኛ የሚመጣ ቆርቆሮ የሚላከው እንደዚያ ነው፤ አንቺ በምን ታውቂያለሽ?

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሳትጨፈልቂው በፊት ምን ይመስል ነበር? ካሚዮን ነው ወይስ አውቶቡስ? እማ…

እታለም፣ ጁነዲን መቼ ነው የሚመለሰው? የምጠይቅሽ አለኝ፤ ግን በዚህ ወረቀት ላይ ልጽፈው አልቻልኩም። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ወይም ላታውቂ ትችያለሽ። የፊደል ነገር ሆኖ ይሁን፣ እዚያ ሰፈር ልጆች እንዲያ ብለው ይጠሩ ይሁን፣ አንቺ ነግረሻት ይሁን፣ ምንም አልገባኝም።

ሱሀይር፣ ይህን ያነበብሽው አንቺ ከሆንሽ፣ ለእማዬሽ የተጻፈ የሥራ ጉዳይ ነው። ጾምሽ ተቀባይነት ያግኝ፤ ግማሽ ቀንም ጾም ነው።

ኢስሐቅ


መጋቢት 10 ቀን 1957 ዓ.ም.
ጅማ

ለኢስሐቅ። ይህን የሚጽፈው ጁነዲን ነው። ሱሀይር ቁርአን ልትቀራ ሄዳለች። እስክትመለስ እንጨርሳለን፤ ስለዚህ ሰላምታ የለውም።

አልነገርኳትም። መቼ ልንገራት? በዳዴ ስትሄድ? መጀመሪያ የተናገረችው ቃል «እማ» ነው። «አይደለሁም» ልበላት? አንተ የመጣህ ጊዜ ቀሚሴን ይዛ እማዬ ስትለኝ አጠገቤ ቆመህ ሰምተሃል። ዝም ነው ያልከው። እኔም ዝም አልኩ። ትምህርት ቤት ስትገባ የወሰዳት ጁነዲን ነው፤ ስሟን ሲጽፉ የእሱን ስም አስከትለው ጻፉት፤ እሱም አላረማቸውም።

(ልክ ናት። እውነቱን ለመናገር ሊያርሙት ከባድ ነበር፤ ልጅቷ እጄን ይዛ ቆማ ነበር። ጁነዲን።)

የታኅሣሡን ደብዳቤህን ስታነብልኝ «ልጄ ትመጣለች ወይስ አትመጣም» እሚለው ላይ ደረሰች። ቀና ብላ «የማን ልጅ?» አለችኝ። «የሰው» አልኳት። ወረቀቱን ተቀብያት ጁነዲን እስኪመለስ ጉያዬ ውስጥ አኖርኩት። ላንተ ያልመለስኩልህ ንቄህ አይደለም። ያልከውን አላውቅም ነበር። ሲነበብልኝ የሰማሁት ትናንት ነው።

መጫወቻው ሳንዱቅ ውስጥ ነው ብዬህ ነበር። አልነበረም። መቀመጥ ከጀመረች ጀምሮ እሷ ጋ ነው። አንተ «ስጫት፣ እንዲህም ብለሽ ንገሪያት» ስትል፣ ሳልነግራት ከሰጠኋት ቆይቻለሁ ማለት አቃተኝ።

የጠየቅሃትን መለሰች። ካሚዮንም አውቶቡስም አይደለም፤ አልጋ ነው አለች። ገልብጣ አሻንጉሊቷን ታስተኛበት ነበር። እኔና አንተ ይህን ያህል ስንከራከር እሷ ጎማውን ወደ ሰማይ አድርጋ አሻንጉሊቷን አስተኝታበታለች። ወደ መርካቶ ላኪ ስላት ራሷ አምጥታ ራሷ ረገጠችው። ከረገጠችው በኋላ ነው ያለቀሰችው። አሁን አሻንጉሊቷ መሬት ነው የምትተኛው። ጧት ጧት «አጎቴ ዛሬ ይልክልኛል?» ትለኛለች።

አላህ ሌላ ልጅ አልሰጠኝም፤ ታውቃለህ። ልጅህ ናት፤ ውሰዳት ካልክ አልከለክልህም። ዘኪያንም አልጠላትም፤ አላውቃትም። የምነግራት ግን እኔ አይደለሁም። በደብዳቤም አትንገራት፤ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ቀድማ የምትከፍተው እሷ ናት፤ ሮጬ አልደርስባትም።

መጣች መሰለኝ። በቃ።

(እኔ ጁነዲን፤ መጥታለች። አረፋ ደርሷል፤ እኔ ምን እንደምል አላውቅም። እንኳን አደረሳችሁ።)


ሚያዝያ 1 ቀን 1957 ዓ.ም.
መርካቶ

እታለም፣ ይህን የምጽፈው የጅማ ጭነት ከሚጫንበት ግቢ ወረፋ እየጠበቅሁ ነው። ወረቀቱን ሳጥኑ ላይ አድርጌ ስለምጽፍ ፊደሌ ቢንጋደድ አትቀየሚ። ለጁነዲን በእጁ ስጠው ብዬ ለፋንታዬ አስይዘዋለሁ። ሌላ ሰው አያንብበው።

ለጻፍሽው መልስ ለመስጠት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። አንዱ ቀን «ልክ ናት» እላለሁ፤ በማግስቱ እናደዳለሁ። ዘኪያን ምን ላድርግ ብላት «መጀመሪያ ዕቃዋን መልስላት» አለችኝ። ይህ ቢያንስ የማውቀው ሥራ ነው።

ቆርቆሮውን ዘረጋሁት። አባታችን ያጠፈበት መስመር ይታያል፤ ሱሀይር የረገጠችበትም ይታያል። የትኛው የማን እንደሆነ ግን ልለየው አልቻልኩም። በአንዱ መስመር ባጥፈው ካሚዮን የሚሆን ይመስላል፤ ከዚያ ያ ቀዳዳ በማይሆን ቦታ ይወጣል፤ መስኮት ነው ብዬ ስጀምረው ደግሞ ጎኑ ያጥራል። ዘይኑዲን ሥራውን ትቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እሱም አልገባውም። በመጨረሻ ተውኩትና አልጋ ሠራሁት። አራት እግር፣ አንድ ራስጌ። ጠርዙን ሁሉ አጥፌዋለሁ፤ አይቆርጣትም። ዘኪያ ትንሽ ፍራሽ ሰፋችለት። «ለማላውቃት አሻንጉሊት ፍራሽ ስሰፋ ዓይኔ ጠፋ» እያለች ነው የሰፋችው፤ ከዚያ ትራስ ጨመረችበት። ጧት ሳጥኑን ራሷ አሰረችና «ይህን ልከህ ስትመለስ ለአረፋ ሩዝና ቴምር ይዘህ ና፣ እንዳትረሳ» ብላ ሸኘችኝ።

ሱሀይር ስትከፍተው የምታየው ማስታወሻ መጻፍ ነበረብኝ። «ከአጎትሽ» ብዬ ጻፍኩና ቀደድኩት። ሌላውን ደግሞ ጽፌው ሳልጨርስ ቀደድኩት። ሳጥኑ ያለ ማስታወሻ ነው የሚሄደው።

ተራዬ ደረሰ። ቆይ።

ተመልሼ እየጻፍኩ ነው። የሆነውን ልንገርሽ። የሚመዘግበው ሰውዬ ጎረምሳ ነው፤ ቀልደኛ። ሳጥኑን ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት።

«ምንድን ነው ውስጡ?»

«አልጋ።»

«አልጋ? በዚህች? ለድመት ነው ጋሼ?» ከኋላዬ ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

«የአሻንጉሊት ነው።»

«ጥሩ። ተቀባይ?»

«ሱሀይር።»

«ሱሀይር ማን?»

የሳጥኑን ገመድ ማጥበቅ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ጅማ ሱሀይር ብቻ ብዬ ብጽፍ ማን ይወስደዋል? ያባት ስም ይንገሩኝ።»

እታለም፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? ሳጥኑ ላይ በወፍራሙ በቀለም ነው የሚጽፈው። በሩ ላይ ሲደርስ ያገኘችውን ሁሉ የምታነብ ልጅ መጀመሪያ የምታነበው እሱን ነው። የእኔን ስም ካስጻፍኩ አንድ የማታውቀው ሰውዬ በቀለም ነገራት ማለት ነው። የጁነዲንን ስም ካስጻፍኩ ደግሞ በገዛ አፌ ሰጠኋት ማለት ነው። «ለሀጅራ» ልበል ብዬ ነበር፤ ዕቃው ያንቺ አይደለም፤ ሲደርስም «የእኔ አይደለም እንዴ?» ትላለች።

«የልጅቱን አባት ስም አያውቁትም?» አለኝ።

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ይንገሩኛ!»

ከኋላዬ አንዲት ባለ ቅቤ ሴትዮ «ሰውዬው ስም እስኪያወጡለት ቅቤዬ ቀልጦ አለቀ» አሉ። ልጁ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነክሮ ይጠብቀኛል። «ቆይ አንዴ» አልኩትና ወደ ጎን ወጣሁ። ይህን የምጽፈው እዚያው ቆሜ ነው። ሳጥኑ አሁንም ሚዛኑ ላይ ነው።

ፋንታዬ ሞተሩን አስነስቷል። ጋቢናው ውስጥ ከእሱና ከረዳቱ ሌላ ሰው የለም። ቦታዬ ላይ ዛሬ ማን እንደሚቀመጥ አላውቅም፤ ለዘይኑዲን አልነገርኩትም። ለዘኪያም አልነገርኳት። መጥቼ ምን እንደምላት አላውቅም። ይዣት እንደምመለስ ይሁን አልጋውን ሰጥቻት ብቻዬን እንደምመለስ፣ እሱንም አላውቅም። ደጅሽ መጥቼ ብቆም እንዳትቀየሚኝ። ያጎደልሽው ነገር ኖሮ አይደለም።

ልጁ እየጠራኝ ነው፤ «ጋሼ፣ ይመዝገብ ወይስ ይነሳ?» ይላል።

ይነሳ ብዬዋለሁ። ይህንን ወረቀት ኪሴ ውስጥ ላድርገውና ሳጥኑን ይዤ ፋንታዬ ጋ ጋቢናው ላይ ልውጣ።